ሳህኑን ማን ይጠብ?

የድግስ ቆሻሻ የተጠቀጠቀበትን ማዳበሪያ ሳልፈታ አላስወጣም። ሥራዬ ደግሶ ማብላት ነው፤ ቤቴ ዓለም ጤና ሆኖ ወደ ታች መቂ፣ ወደ ላይ ሞጆ፣ ሲቀናኝ አዳማ ድረስ እጠራለሁ። የበላ እንግዳ «እጅሽ ይባረክ» ብሎ ይሄዳል እንጂ የቱ ወጥ እንደበዛ፣ የቱ እንዳልተነካ አይነግረኝም። ማዳበሪያው ግን አይዋሽም። ዕቃው ተጭኖ ካለቀ በኋላ አብረውኝ ከሚሠሩት ልጆች ጋር ፈትተን እናያለን። መጀመሪያ ላይ ይስቁብኝ ነበር፤ አሁን እነሱ ናቸው ቀድመው የሚፈቱት።

ገና ይሁን ፋሲካ፣ እንቁጣጣሽ ይሁን ዒድ፣ ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት የዋዜማ ግብዣ፣ የምናገኘው ይመሳሰላል። ከላይ ሃይላንድ ነው፤ ብዙው ውሃው እስከ ግማሽ እንኳ ሳይጠጣ የተጣለ። ከሥሩ አንዴ ተበልቶበት የተወረወረ ሳህን፣ የተጨማደደ ኩባያ፣ ሶፍት፣ ፌስታል፣ የተነፈሰ ፊኛ። ምግብ የሚገኘው መጨረሻ ላይ ጥግ ይዞ ነው፤ የእንጀራ ጠርዝ፣ የተጋጠ አጥንት፣ የተጨመቀ ሎሚ።

ለዚህ ነው በዓል ሲቃረብ በየሬዲዮው «ምግብ አታባክኑ» ተብሎ የሚጀመረው ምክር የማይዋጥልኝ። ምክሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የእኛን ማዳበሪያ ሳያይ የተሰጠ ስለሆነ ነው። በውጭ አገር ለገና የሚመከረው ስለ ስጦታ መጠቅለያ ወረቀትና ስለተቆረጠ ጥድ ነው፤ እዚያ ጣጣው እሱ ነውና ልክ ናቸው። እኛ ዘንድ ምግብ ሰብሳቢ አጥቶ አያውቅም። የጠላው አተላ ለከብት ይሄዳል፤ ባልዲ ይዞ የሚጠብቀው ጎረቤት አይጠፋም። የሽንኩርት ልጣጭና የጎመን ግንድ ፍየል ፊት አያድርም። የተረፈ እንጀራ በማግስቱ ፍርፍር ነው፤ ከዚያም ካለፈ ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣና ድርቆሽ ይሆናል። ሥጋው ተዘልዝሎ፣ በሚጥሚጣና በጨው ታሽቶ ገመድ ላይ ከተሰቀለ ደረቁ የሸለቆ ነፋስ በጥቂት ቀን ቋንጣ ያደርገዋል። ዶሮ ወጥማ ከጥንቱም በቁጥር የሚሠራ ምግብ ነው፤ 12 ብልት፣ እንቁላሉም ተቆጥሮ፣ ወጥ አውጪዋ የማን ድርሻ የት እንዳለ እያወቀች። ቅርጫውስ? ሰፈርተኛው ተዋጥቶ በሬ ገዝቶ፣ መደብ መደቡን አስተካክሎ ዕጣ ሲጣጣል ከምላስ እስከ ሰንበር የሚቀር ነገር የለም።

ምግብ የሚበዛው ደጋሹ ስለሚፈራ ነው። የሚፈራው ደግሞ መትረፉን ሳይሆን ማለቁን ነው። «እነ እገሌ ቤት ምግብ አለቀ» የተባለ ቤት ወሬው ዓመት ይከተለዋል። ስለዚህ መቶ ሰው የጠራ ደንበኛ «ለመቶ ሃምሳ አድርጊው» ይለኛል። ይህንን ፍርሃት በምክር ማሸነፍ አይቻልም፤ እኔም አልሞክርም። የማደርገው ቁሌቱን መክፈል ነው። ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ቅቤው ለመቶ ሃምሳ ይቁላላል፤ ሥጋ የሚገባው ግን በመቶው ልክ ብቻ ነው። ሁለተኛው ድስት ባዶ ቁሌቱን ይዞ ምድጃ ዳር ይቀመጣል፤ ደጋሿም እየመጣች ክዳኑን ገልጣ አይታ ልቧ ይረጋጋል። እንግዳው ከበዛ በቀጭኑ የተከተፈ ሥጋ ጨምሬ ቶሎ አደርሰዋለሁ። ካልበዛ ቁሌቱ ለቤቷ ይቀራል፣ ያልገባው ሥጋ ገመድ ላይ ይወጣል። ከዚህ ዘዴ ወዲህ የወጥ ትርፍ አሳስቦኝ አያውቅም።

ቡፌ ግን ነገሩን ትንሽ አበላሽቶታል። አዳማ የስብሰባና የሆቴል ከተማ ናትና የበዓሉን ግብዣም በቡፌ ለመደችው፤ ወደ እኛም ወረደ። በማዕድ የቀረበ ምግብ አንዱ ቢተወው ሌላው ያነሳዋል፣ በጉርሻም ያልቃል። በየሳህኑ የተረፈ ግን የሰው ፍርፋሪ ነውና ማንም አይነካውም። ቡፌ አቅርቢ ካሉኝ ጭልፋውን ለእንግዳው አልሰጥም፤ ልጆቹን ከየድስቱ ጀርባ አቆምና «ልጨምርሎት?» እያሉ ያወጣሉ። እንግዳው እንደተከበረ ይሰማዋል፣ ሳህኑም አይቆለልም።

ወደ ሃይላንዱ ልመለስ፤ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው።

በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የከርሰ ምድር ውሃው ፍሎራይድ የበዛበት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ እንዳያልፍ የሚመክረው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በሸለቆው 10 ሚሊ ግራም የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ምልክቱን ጥርሳችን ላይ ይዘነው እንዞራለን፤ ወንጂ፣ መቂ፣ ዓለም ጤና ያደገውን ብዙ ሰው ሲስቅ ታውቁታላችሁ። ጥርስ ይበልዛል፣ ዓመታት ሲቆይ አጥንትንም ይጎዳል። አፍልቶ መጠጣት አያድንም፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይዱን አያወጣውም፣ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይበረታል። ይህንን የሚያውቅ ቤተሰብ የቦኖ ውሃ በጆግ ቀድቶ እንግዳ ፊት ማቅረብ ያፍራል። እናም የዚህ አካባቢ ደጋሽ ሃይላንድ በካርቶን ሲደረድር ቅንጦት አምሮት አይደለም። አዲስ አበባ ተቀምጦ «የላስቲክ ውሃ ተዉ» ማለት ቀላል ነው።

ሆኖም ያ ውሃ ለመጠጥ አይመረጥ እንጂ ሳህን ቢታጠብበት ምንም አይለውም። ነገሩ የተበላሸው ሁለቱን ውሃ ስንደባልቅ ነው። ሰው «ውሃችን ደህና አይደለም» ብሎ የሚጠጣውን በሃይላንድ ይገዛል፤ በዚያው ግፊት ሳህኑንም፣ ኩባያውንም የሚጣል ያደርገዋል። ለአንዱ በቂ ምክንያት አለው፤ ለሌላው የለውም።

ለመጠጡ እኔ የምይዘው 20 ሊትር የሚይዘውን ተመላሽ ጋሎን ነው። ባዶውን መልሼ ሙሉውን እወስዳለሁ። አንዱ ጋሎን የ40 ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ስለሚይዝ ለሒሳቡም ያግዛል፤ ዋናው ጥቅም ግን እንግዳው የሚጠጣውን ያህል ብቻ መቅዳቱ ነው። ተከፍቶ አንዴ ተጎንጭተው የሚተዉት ውሃ ይቀራል። ችግሩ የመጣው ከትልልቅ ሰዎች ነበር። አንድ የተከበሩ አባት ብርጭቆውን ወደ ጎን አድርገው «ልጄ፣ የታሸገው ለኔ አልደረሰም እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ፊታቸው የሚከፈት ውሃ እንደ አክብሮት ተቆጥሮ ኖሯል። አሁን ለትልልቆቹ ወንበር አምቦ በጠርሙስ አስቀምጣለሁ። እሱም ፊታቸው ይከፈታል፣ ጠርሙሱ ደግሞ ከቢራውና ከለስላሳው ጋር በሳጥኑ ይመለሳል። ስንቱን ማዳበሪያ ስፈታ የቢራ ጠርሙስ አግኝቼ አላውቅም። ሰዉ ለቢራ ጠርሙስ የተለየ ፍቅር ኖሮት ሳይሆን መያዣ ስለተከፈለበት ነው፤ አንዱ ከጎደለ አከፋፋዩ ከኪስ ያስከፍላል። በሃይላንዱም ላይ እንዲህ ያለ መያዣ ቢኖር ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የምናገኘው አይመስለኝም። ዛሬም ቢሆን ቆራሌው የተወሰነውን ለቅሞ ይወስዳል፤ የሰው እግር ያደቀቀውንና ቅባት የነካውን ግን አይፈልገውም፣ ስለዚህ ለብቻው ማዳበሪያ መድቤ ሳይረገጥ እሰጠዋለሁ።

ማጠቢያውን ደግሞ ከድንኳኑ ጀርባ እዘረጋለሁ። ሦስት ትልልቅ ሳፋ፣ አንድ የትርፍራፊ ባልዲ፣ አንድ አሮጌ የሽቦ አልጋ። ትርፍራፊው መጀመሪያ በእንጀራ ቁራሽ ተጠርጎ ባልዲው ውስጥ ይገባል፤ የተጠረገ ሳህን ግማሹ ታጥቧል ማለት ነው። የመጀመሪያው ሳፋ ሙቅ ውሃና ሳሙና፣ ሁለተኛው ማለቅለቂያ፣ ሦስተኛው ጠብታ በረኪና የገባበት ንጹህ ውሃ። የመጀመሪያው ሲቆሽሽ ይደፋል፤ ሁለተኛው ሳሙና ተጨምሮበት አንደኛ ይሆናል፣ ሦስተኛው ሁለተኛ ይሆናል፣ አዲስ ውሃ የሚገባው በመጨረሻው ብቻ ነው። በዚህ አዙሪት ለመቶ እንግዳ ስድስት ሰባት ጄሪካን ይበቃኛል፤ ጋሪው አንዴ ቢመላለስ ያመጣዋል። ከዚያ ሳህኑ በሽቦ አልጋው ላይ ተደፍቶ ፀሐይ ይጨርሰዋል። ፎጣ አላስነካም፤ የድግስ ፎጣ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሳህን ከየት ይመጣል ለሚል መልሱ እድር ነው። ለሐዘን በነፃ፣ ለደስታ በኪራይ የሚያወጣው ዕቃ ቤቱ ውስጥ ድንኳን አለ፣ አግዳሚ አለ፣ ጎላ ድስት አለ፣ ሳህንና ብርጭቆ በደርዘን አለ። ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል፣ የሰበረ ይተካል። በአንድ ሰፈር መቶ ቤት መቶ መቶ ሳህን ከሚገዛ፣ መቶ ቤት አንድ ዕቃ ቤት ቢኖረው ይበቃል ብለው ያሰቡ ሰዎች ናቸው ያቋቋሙት፤ ስለ አካባቢ ጥበቃ ግን ማንም አልሰበካቸውም። የእድር ኮሚቴዎች ምን እንግዛ ብለው ሲያማክሩኝ ተጨማሪ ሳህን አልላቸውም። ባለ ቧንቧ ሮቶ ግዙ እላለሁ። ሳህኑ ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ እየጠጣ ሰዉ የሚጣለውን የሚገዛው ማጠቢያ ውሃ በቅርብ ስለሌለው ነው።

ፌስታልን በተመለከተ ዱለት ለመሥራት ጨጓራ ያጠበ ሰው ሌላ አስረጂ አያስፈልገውም። ስንገለብጠው ከሣሩ ጋር ተጠቅልሎ፣ ገመድ መስሎ የጠነከረ ፌስታል ከውስጡ እንመዛለን፤ አንዳንዱ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። በሬው ያን ይዞ ነው ሲወፍር የከረመው። ባለፈው በዓል የእኛው ድግስ የጣለው ነው ብዬ ባልምልም አይደለም ብዬም አልምልም። ነፋሱ ከቆሻሻው ክምር አንስቶ ግራር እሾህ ላይ ይሰቅለዋል፣ ከዚያ ከብቱ ይበላዋል።

ሕጉ አዲስ አይደለም። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳውን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ ማን ውፍረት ይለካል? በግንቦት 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ግን አንዴ አገልግሎ የሚጣለውን ፌስታል ከናካቴው ነው የከለከለው፤ ይዞ በተገኘ ላይም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ቅጣት አስቀምጧል። ለእኔ ሥራ ይህ በቀጥታ የሚነካው ቋጠሮን ነው። ከድግስ ሲወጡ «ለልጆች ቋጥሩልኝ» የማይል የለም፤ ባይሉም እኛ እንሰጣለን። ድሮ በአገልግል ወይም በኮባ ቅጠል ይወጣ የነበረው ትኩስ ወጥና እንጀራ ፌስታል ውስጥ ሲገባ ላስቲኩ ሲለሰልስ በዓይናችን እናያለን። አሁን ጥሪው ሲደረግ «ምሳ ዕቃ ይዛችሁ ኑ» አስብላለሁ። አንዲት አዴ «ገና ሳልበላ ልሸከም መጣሁ እንዳይሉኝ» ብለው ሦስት ተደራራቢ ምሳ ዕቃቸውን በነጠላ ሸፍነው ገቡ። ሁሉም ስቆ ሁሉም ሞላላቸው። ላልያዙት ኮባ አለኝ፤ ለድፎ ዳቦ ያመጣሁት ሰፊ ቅጠል እሳት ላይ ለብ ከተደረገ ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል፣ ጥብስና ዳቦ በደንብ ይይዛል። ወጥ ግን አይይዝም፤ ያፈሳል።

ቆዳው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ከተስፋዬ ይልቅ ንዴቴ ይበልጣል። በልጅነታችን በበዓል ጠዋት «ቆዳ ያለው!» እያለ የሚዞር አይጠፋም ነበር፤ በጉ ገና ሳይገፈፍ ዋጋ ይከራከሩበታል። ከእኛ ወደ ሞጆ በሚወስደው መንገድ ኤጀርሳ ላይ ቆዳ ፋብሪካ አለ፤ ሞጆ ራሷ የቆዳ ፋብሪካዎች ከተማ ናት። ያም ሆኖ ሰው ሠራሽ ቆዳ ገበያውን ከያዘና የጥሬ ቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ የበግ ቆዳ የጋሪ ኪራዩን የማይሸፍንበት ጊዜ ብዙ ነው። በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ማግስት አዲስ አበባን ጨምሮ በየከተማው መንገድ ዳር የተጣለ ቆዳ ማየት ተለመደ። በእኛ ሙቀት ደግሞ ጨው ያልነካው ቆዳ በሰዓታት ውስጥ ይሸታል። ወደ ድግስ ቤት ስሄድ የቆዳውን ጨው ከወጡ ጨው ለይቼ እይዛለሁ፤ ተገፍፎ ሳይቆይ ጥላ ሥር ተዘርግቶ ውስጡ በጨው ይታሻል። የብዙ ቤት ቆዳ ሲጠራቀም አንድ ላይ ለነጋዴ ይሄዳል። ትርፉ ጥቂት ነው፣ አንዳንዴም የለም። ፋብሪካ ስለገባ ብቻ ነገሩ ንጹህ ሆነ ማለትም አይደለም፤ የሞጆ ወንዝ የፋብሪካውን ፍሳሽ ይዞ የሚገባው ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አዋሽን አጠራቅሞ ወደያዘው ወደ ቆቃ ሐይቅ ነው። ከዚያ ውሃ ዳር ነው የምንኖረው፤ ከብቶቻችንም የሚጠጡት እሱን ነው።

አጥንቱ ግን ያስገርመኛል። የበዓል በሬ አጥንት ለውሻ ከመጣል አልፎ ይህንኑ የሸለቆውን ውሃ ማከሚያ ይሆናል። አየር በታፈነበት ምድጃ ውስጥ ከሥሎ፣ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶና ታጥቦ በጋን ውስጥ ሲሞላ ውሃው በመሃሉ ሲያልፍ ፍሎራይዱን ይይዝለታል። ይህንን የአጥንት ከሰል ኦሾ በሚል የሚታወቀው የኦሮሞ የራስ አገዝ ድርጅት ከስዊዘርላንዱ የውሃ ምርምር ተቋም ከኢዋግ ጋር ሆኖ ሞጆ ላይ አምርቷል፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያም ዋዮ ገብርኤል በምትባለው የገጠር መንደር ለሕዝብ መቅጃ ተክሎታል። ከሰሉ ዕድሜ አለው፤ ፍሎራይድ ሲሞላው መታደስ ወይም መለወጥ ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ ገንዘብና ተከታታይ ሰው ይጠይቃል። «የየትኛው ከብት አጥንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅም አለ፤ ባለ ጾሙም፣ ሙስሊሙም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቅርጫው ላይ እንደሆነ ሁላችንም በሬውን በስሙ እናውቀዋለን፤ ከሰፈር የተሰበሰበ አጥንት ይህ ጥቅም አለው።

ስለ ማስጌጫው ብዙ አልልም። ቄጠማው ከሐይቁ ዳር ይመጣል፣ በማግስቱ ላሟ ትበላዋለች፤ ከሱቅ የሚገዛውን የላስቲክ ቄጠማ ላሟም አትበላውም፣ እግርም አይወደውም። «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለውን ባነር የሚያሳትም ደንበኛ ካለ ዓመተ ምሕረቱን አታስገቡበት እላለሁ። ቁጥሩ የተጻፈበት ባነር በቀጣዩ ዓመት ሥራው የጋሪ መሸፈኛነት ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ አንድ ነገር ካልጨመርኩ ግን ባልደረቦቼ ይታዘቡኛል። የሚጣል ሳህን ወደ ከተማችን የመጣ ሰሞን ያልተደሰተች ሴት አላውቅም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ በፊት በዓል ማለት ለእንግዳው ዘፈንና ጠላ፣ ለሰፈሩ ሴቶች ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ሳፋ ላይ ማጎንበስ ነበር፤ ወንዶቹ ከድንኳኑ ሲጨፍሩ እጃችን በሳሙና ተልጦ እንሰማቸው ነበር። ስለዚህ «የሚጣለውን ተዉ፣ ወደ ድሮው እንመለስ» የሚለውን ሰው ሳህኑን ማን ሊያጥበው እንዳሰበ እጠይቀዋለሁ። «ሴቶቹ አሉ አይደል?» ካለኝ የሚጣለው ሳህን ይሻለኛል።

በእኔ ድግስ ላይ አጣቢዎቹ ተቀጣሪ ናቸው፤ ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ፣ ምግባቸውን ቀድመው በልተው፣ ከእንግዳው ጋር እኩል ቀርቦላቸው። ክፍያቸው በሒሳብ ዝርዝሩ ላይ ለብቻው ይጻፋል፤ «የዕቃ አጣቢ» ይላል። ደንበኛ ዋጋ ሲከራከር ከሁሉ አስቀድሞ «ይህቺን ሰርዢልኝ፣ የሚጣለውን እኔ እገዛለሁ» የሚለኝ እዚህ መስመር ላይ ነው። እኔም ፊኛውን፣ ባነሩን፣ ካስፈለገም ሁለተኛውን ድንኳን ቀንሼ እሰጣለሁ እንጂ እሱን አልሰርዝም።